ቤተ ልሔም ያለችው ሴት

ይድረስ ለአያ ደምሴ፤

ከተለየኸኝ ድፍን አንድ ዓመት ሆነ። ልጃችን እንዲጽፍልኝ ብል የማወራውን ሰምቶ ይታዘበኛል ብዬ፣ አንተው ባስቆጠርኸኝ ፊደል እኔው ጻፍኩልህ። የቤተ ልሔሟንም አስቆጥረሃት ነበር?

የላዩ ማሳ ገብስ ዘንድሮ ሰምሯል። ልጃችን ከመካነ ኢየሱስ ከተማ መጥቶ አጨደ፤ ወቅተን ጎተራ አስገባን። ቀዩ በሬ ግን አርጅቶ ቀንበር እምቢ ብሏል።

አሁን የሆዴን ልንገርህ። እዚሁ አጥቢያችን፣ ከደጃችን በሚታየው ቤተ ክርስቲያን ትቀበራለህ ብዬ ነበር። ለካ ለንስሐ አባትህ “ቤተ ልሔም ውሰዱኝ” ብለህ ተናዝዘሃል። እዚያ ሩቅ ደብር ማን እንዳለች አገር ያውቃል፤ ቅኔ ተምረህ ስትጨርስ ያገባሃት፣ በወሊድ የሞተችብህ የመጀመሪያ ሚስትህ። ቃሬዛህን ተከትዬ የግማሽ ቀን መንገድ ሳለቅስ ሄድኩ። ግማሹ እንባ የቅናት ነበር።

በሙሽርነቴ ለንግሥ ይዘኸኝ የሄድህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ከጋራው ላይ ቆመህ መንደሩን፣ ጥንታዊውን ደብር፣ የፈረሰውን ቅጥር እየጠቆምህ የያንዳንዱን ታሪክ ነገርኸኝ። በደስታ ሳዳምጥህ፣ “ያቻትና ምንጯ፤ ውኃ ስትቀዳ ያየኋት እዚያ ነው” አልህ። ከዚያ ወዲህ ያ አገር በሙሉ የእሷ፣ የእኔ እርሻው ብቻ መሰለኝ። ስንት ክረምት አብሬህ አረምኩ! አንተ ግን መጨረሻህን ለእሷ ሰጠህ።

ትናንት ለሙት ዓመትህ ሄድኩ። ቄሱ የክርስትና ስም ሲጠይቁኝ ያንተን ብቻ ነገርኳቸው።

“ከጎኑ ያለችውስ?” አሉኝ።

“አላውቃትም” አልኩ።

ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ዋሸሁ። ጸሎቱ ተጀምሮ ስምህ ብቻውን ሲጠራ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ግን አንገቴን ደፋሁ። ልጅ አልተረፈላት፣ እናቷም አባቷም የሉ። እኔ ካላስጠራኋት ማን ያስጠራታል? ቀረብ ብዬ፣ “ወለተ ኪዳን ናት፣ አባቴ” አልኳቸው።

ታዲያ ቅናቱ የለቀቀኝ እንዳይመስልህ። ሰው ሲበተን፣ “አባቴ፣ በዚህ በግራው በኩል ሰው ተቀብሯል?” ብዬ ጠየቅኋቸው። ገብቷቸው ሳቁ። ባዶ ነው አሉኝ።

በየዓመቱ እመጣለሁ። ያንተን ስም አስቀድሜ፣ የእሷን አስከትዬ አስጠራለሁ። ቦታዬን ግን ለማንም እንዳይሰጡብኝ አደራ ብያቸዋለሁ።

ሚስትህ