ቤዙ ዝም ያለበት እሑድ፤ የአቶ ዴልማር ፕሩዊት የሕይወት ጉዞ

አቶ ዴልማር ፕሩዊት ከእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛው ከአቶ ኦርቪል ፕሩዊትና ከወይዘሮ ኔዲን ጌትስ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1961 በቴኔሲ ግዛት ስፓርታ ከተማ አጠገብ ተወለዱ። የዚያን ዕለት የወረደው በረዶ በአውራጃው ታይቶ አይታወቅም፤ አዋላጇ በትራክተር ተጭነው ነው የደረሱት።

ትምህርታቸውን እዚያው ስፓርታ አጠናቀቁ። በአሥራ አራት ዓመታቸው ከጨረታ ላይ አሮጌ ቤዝ ጊታር ገዝተው ሲገቡ፣ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን የነበሩት አባታቸው፣ «ኤሌክትሪክ ለአምፖል እንጂ ለመዝሙር አልተፈጠረም» ብለው ወደ ላሞቹ በረት አባረሯቸው። በዚያ በተለማመዱ በወሩ የላሞቹ ወተት በእጥፍ ጨመረ።

በ1982 «የኢያሪኮ ጩኸት» የተባለውን የመንፈሳዊ ሮክ ባንድ ተቀላቀሉ። ከዚያ ወዲህ ባንዱ ያላንቀጠቀጠው የቤተ ክርስቲያን መስኮት በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ይገኛል ማለት ዘበት ነው። በ1986 ወይዘሮ ቨርና ስታብልፊልድን አግብተው ክሊንትንና ሻናን ወለዱ።

በየዝግጅቱ ማብቂያ ሰባኪው ጌታን የሚቀበል ወደ ፊት ይምጣ ሲሉ፣ ሌላው መሣሪያ ሁሉ ዝም ይላል፤ የአቶ ዴልማር ቤዝ ብቻ ቀስ እያለ ይቀጥላል። የመጨረሻው ሰው ወደ ፊት እስኪወጣ አያቆሙም። በዚያ ድምፅ የወጣው ሕዝብ ቢሰበሰብ ቴኔሲ ትጠበዋለች። እርሳቸው ራሳቸው መቼ እንደ ወጡ ግን የጠየቀ አልነበረም። የዲያቆን ልጅ አይደሉ፤ ገና በልጅነታቸው ወጥተዋል ብለን ሁላችንም አምነን ተቀምጠናል።

ባለፈው እሑድ፣ ኦክቶበር 15፣ በከተማው ሜዳ ጥሪው ገና ሳያልቅ ቤዙ ቀጥ አለ። የድምፅ ባለሙያው ገመድ ተበጥሷል ብሎ በደረቱ መድረኩ ሥር ገባ። ወይዘሮ ቨርና በምሳ የበሉት ዓሣ ነው ብለው ተሳቀቁ። አቶ ዴልማር ግን ጊታራቸውን አስቀምጠው፣ ደረጃውን ወርደው ከሰባኪው ፊት ቆሙ።

«ወንድም ዴልማር፣ ምን ሆንክ?» አሏቸው ሰባኪው ፓስተር ሃስኬል።

«ሰው ሁሉ ሲወጣ ስመታለት ኖርኩ። እኔ ግን አንድም ቀን አልወጣሁም፤ እጄ ሥራ ይዞ።»

የሚመታላቸው ስላልነበረ ሕዝቡ ያለ መሣሪያ ዘመረላቸው። በማግስቱ በካፍኪለር ወንዝ ተጠመቁ፤ ውኃው አጥንት ይሰብር ነበር፣ እርሳቸው ግን ይስቁ ነበር።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 19 ቀን 2023፣ ጠዋት ቁርስ እየበሉ ሳለ ልባቸው በድንገት ቆመ። ዕድሜያቸው ስልሳ ሁለት ነበር። ታመው አያውቁም። በአራት ቀን ውስጥ የሆነውን እኛም እየጻፍነው አላመንነውም፤ ያን እሑድ ባይወርዱስ ኖሮ?

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው ከኀዘን ጋር ቀርተዋል።

ዘግይተው የወጡትን ወንድማችንን ጌታ ከቀደሙት ጋር ያስቀምጥልን፤ ሥራ የያዘውን የእኛንም እጅ በጊዜ ያስፈታልን። አሜን።