ብስባሹ በተገለበጠ ቁጥር

ሰኞ፣ ህዳር 9
ዛሬም ገለበጡት። ሎደሩ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጀመረ፤ ከአጥሩ ማዶ ያለው የከተማው ቆሻሻ ብስባሽ ክምር እንደ ድስት ተነነ፤ እንፋሎቱ በቀጥታ ወደ እኛ ግቢ። አባዬ እስከ ምሳ ቁጭ ብለው መተንፈስ አቃታቸው። ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት አስረድቶናል፦ ክምሩ ሲገለበጥ ዓይን የማያየው ሻጋታና ተሐዋሲ ከአቧራው ጋር ይነሳል፤ የእሳቸው ሳንባ ከእንግዲህ አይችለውም። «ወይ ክምሩ ይራቅ፣ ወይ እሳቸው ይራቁ» አለ።
አባዬ ሳቁበት። «ፍግ ስዝቅ ነው ያደግኩት። ፍግ ሰው ገድሎ ያውቃል?»

ረቡዕ፣ ህዳር 11
ክምሩ ይነሳልን የሚል አቤቱታዬን ይዤ ሰፈሩን ዞርኩ። ዘጠኝ ቤት ፈረመ። የቀረው የራሴ ቤት! አባዬ አሻፈረኝ አሉ። የብስባሹ ግቢ ኃላፊ ለጓሯቸው በነፃ ይሰጣቸዋል፤ እማዬ ስታርፍም ድንኳን ተክሏል። «በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» ይሉኛል። ይሄ ይሉኝታ ይገድላቸዋል፣ እግዜር ይይልኝ።
ደግነቱ አርብ ከከተማው አስተዳደር ሰዎች መጥተው ክምሩን ሊያዩ ነው።

ሐሙስ፣ ህዳር 12
ህዳር ሲታጠን። ሰበታ ሙሉ ቆሻሻዋን አቃጠለች። አባዬም አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው ቅጠሉን ለኮሱ፤ በሽታው እንዲወጣ ነዋ! የእኛን አንድ አካፋ ቆሻሻ እናጥናለን፣ የከተማው ሁሉ ማዶ ተከምሮ። ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ።

አርብ፣ ህዳር 13
ሁለት ሰዎች መጡ። ሎደሩ ዛሬ ተበላሽቷል ተባለ። ሰዎቹ እንደሚመጡ ለብስባሹ ግቢ ማን ነገረው? አንደኛው አየሩን አሸተተና «ሽታ የለም እኮ» አለ። የማይሸተው ነው የሚገድለው ብዬ ጮህኩ። ሁለተኛው «ሳል ካለም ትናንት ያጠናችሁት ጭስ ይሆናል» አለ። 
ከዚያ ወደ አባዬ ዞሩ። «ኦቦ ቱፋ፣ አካም ጅርቱ፣ ደህና ነዎት? ክምሩ ጎድቶዎታል?»
«ፈያ፣ ፈያ! ምንም አልሆንኩም።»
ፊታቸው ቀልቶ፣ የአንገታቸው ሥር ተገትሮ፣ ሳላቸውን ዋጡት። ሰዎቹ በሩን እንደወጡ ግድግዳ ተደግፈው እስኪያስመልሳቸው ሳሉ። ምነው አባዬ ብላቸው፣ «በእንግዳ ፊት ይሳላል እንዴ?»
የሰዎቹ ቃለ ጉባኤ ላይ «ነዋሪው ቅሬታ የለውም» ተብሎ ተጽፏል።

ቅዳሜ፣ ህዳር 14
ሎደሩ ዳነ። ጠዋቱን ሙሉ ሲገለብጥ ዋለ።
ሱሉልታ ለምትኖረው እህቴ ደወልኩ፣ ወደ እሷ ትውሰዳቸው ብዬ። አባዬ ስልኩን ነጠቁኝ። «ደህና ነኝ ልጄ፣ እህትሽ ወሬ ታበዛለች» ሲሉ ሳላቸው መጣባቸው። ስልኩን ከአፋቸው አራቁት። እሷ «ማነው እንዲህ የሚያስለው?» ስትል ለእኔም ተሰማኝ።
«ጎረቤት ነው» አሉ።
እህቴ መለሰች፦ «እንግዲያው ለጎረቤቱ ይንገሩት፣ ልብሱን ይሸክፍ። ነገ መኪና ይዤ እመጣለሁ።»
አባዬ እምቢ አላሉም። ያስፈራኝም እሱ ነው።