ለወንድሟ የታሰበው ደም

ኤኑጉ
እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የጥቅምት መጀመሪያ

ለውዱ ባለቤቴ ለኦኩዲሊ፣ ለሎታና አባት፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? የሊብረቪል ሙቀት ያን ራስ ምታትህን እንዳይቀሰቅስብህ እሰጋለሁ። እኛ ደህና ነን። እናትህም ደህና ናቸው፤ ዝናቡ ሲበረታ ጉልበታቸውን ብቻ ያማቸዋል። ልጅህ ጡት ደህና ትይዛለች፣ ጉንጯ ሞልቷል፣ ከሰሞኑ ደግሞ ፈገግ ማለት ጀምራለች። ምርመራዋም ወጥቷል፤ እንደኔና እንዳንተ ያን ሲክል ሴል የሚሉትን የደም በሽታ ዘር ትሸከማለች እንጂ በሽታው የለባትም። ይህን በስልክ ስነግርህ “እሺ፣ ጥሩ ነው” ብለህ ዝም አልክ። ዝምታህን ከማዳምጥ ብጽፍልህ ይሻላል ብዬ ወረቀት አነሳሁ። ነገ ወደዚያ የሚመጣው የአክስትህ ልጅ ያደርስልሃል።

ከሎታና ቀብር በኋላ ሳምንት እንኳ ሳትቆይ ስለተመለስክ፣ ከዚያ ወዲህ የሆነውን አታውቅም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ልጃችንን ከቀበርን በኋላ ለእርግዝና ክትትል ሐኪም ቤት ስሄድ ነርሶቹ ዓይኔን ማየት አልቻሉም። ይህን ጽንስ ለምን እንደጓጓንለት ሁሉም ያውቃሉ። ስትወለድ የእትብቷ ደም ተይዞ፣ ከተስማማው ለወንድሟ ይሰጥና የታመመ ደም በሚሠራው መቅኔው ፋንታ ጤነኛ ደም ይሠራለታል ተብሎ፣ ከእኛ ጋር ወር ሲቆጥሩ የነበሩ ናቸው። እሱ ግን ሳይጠብቃት ሄደ።

ሎታናን ከጨቅላነቱ ጀምሮ ያከመችው ዶክተር ኤቤሌ ክፍሏ አስገብታ አስቀመጠችኝ።

“ኡዞአማካ፣ በዚህ ሰዓት ይህን መጠየቄ ይከብደኛል” አለችኝ። “ግን ከወለድሽ በኋላ ብጠይቅሽ ዋጋ የለውም። ደሙ የሚወሰደው እትብቱ እንደተቆረጠ ነው፤ ካለፈ አለፈ። መያዣው ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ምን እናድርገው?”

“ለማን?” አልኳት።

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ከፈለግን ለቤተሰባችን ይቀመጣል፤ ሁለታችንም በሽታውን ስለምንሸከም የሚቀጥለው ልጅ እንደ ሎታና ሊታመም ይችላል፣ ያኔ የእህቱ ደም ከተስማማው ያድነዋል። ወይም ደግሞ ሌጎስ ላለው የጋራ የደም ማስቀመጫ ይሰጥና ለሚስማማው ሰው ይውላል። ሁለቱንም ካልፈለግን ከእንግዴ ልጁ ጋር ይደፋል።

ስለሚቀጥለው ልጅ ስታነሳ ወለሉን አየሁ። የሚቀጥለው ልጅ እንዲመጣ መጀመሪያ አባቱ ወደ ቤቱ መምጣት አለበት፤ ይህን ግን ለሐኪም አይነግሩም። አስቤበት እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

ሎታና ሆዴ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ሲደራደራት በስልክ ያሰማሁህን ታስታውሳለህ? “አንቺ፣ ቶሎ ውጪ እንጂ! ደምሽን ትሰጪኛለሽ፣ እኔ ብስክሌቴን እሰጥሻለሁ። ግን ፍሬኑ አይሠራም፣ ኋላ አልነገረኝም እንዳትዪ።” ሳቅህ እስከ ጎረቤት ተሰምቶ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ሆዴ ውስጥ ስትገላበጥ ምን ብዬ እንደማናግራት ጠፋኝ። የመጣችበት ጉዳይ ያለቀ መሰለኝ። እናት እንዲህ ታስባለች? እኔ ግን አሰብኩ፣ ራሴንም ፈራሁት።

ቤት ገብቼ ለእናትህ ነገርኳቸው። የሚያጥቡትን ባቄላ ትተው ቀና አሉ።

“ደም? የማን ደም?”

“የልጅቷ፣ እማማ። ከእትብቷ የሚወሰድ።”

“እትብትማ የሚቀበረው በአባቷ ግቢ ነው! የኦኩዲሊ ከዘንባባው ሥር ነው፣ የሎታናም ከጎኑ። ይህችን ምስኪን ሌጎስ ወስዳችሁ እንደ ዓሣ በረዶ ውስጥ ልትከቷት? ነገ አድጋ አገርሽ የት ነው ሲሏት ‘ፍሪጅ ውስጥ’ ትበል?”

ከቀብሩ ወዲህ ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት። እሳቸው በመሳቄ ተቆጡ፣ ከዚያ ራሳቸውም ሳቁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ባቄላው ላይ አለቀስን።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አብሬሽ ካልሄድኩ ብለው ድርቅ አሉ። ያቺን ሰማያዊ ሻሻቸውን አስረው ከሐኪሟ ፊት ተቀመጡ።

“አንቺ ልጅ፣ የማን ነሽ?”

“የኦኑዋ ልጅ ነኝ እማማ፣ ከንሱካ።”

“የንሱካ ሰው ደም ይነግዳል ሲባል አልሰማሁም።”

“አንነግድም እማማ” አለች ዶክተሯ፣ ፈገግታዋን እየዋጠች። “እትብቱም እንግዴ ልጁም የእርስዎ ነው፤ ወስደው እንደ ወጉ ይቅበሩት። እኔ የምፈልገው ውስጡ የቀረውን ደም ብቻ ነው።”

“ልጅቷንስ አይጎዳትም?”

“አይጎዳትም። ከሷ ከተለየ በኋላ ነው የሚቀዳው። ካልቀዳነው ይደፋል።”

“ይደፋል? የልጅ ልጄ ደም?”

“የሁሉም ይደፋል፣ እማማ። እዚህ ቤት በየቀኑ ስንት ይወለዳል፤ ሁሉም ይደፋል።”

ባጃጅ ውስጥ ገብተን ገበያውን አለፍን። ከዚያ ዝናቡን እያዩ፣ “ልጃችን ደም ደም ሲል፣ ስንት ሰው የሚስማማውን ደፍቶበት ይሆን?” አሉ።

አዳኡጎን ታስታውሳታለህ፤ የካምሲ እናት። ልጇ በዚያው በሽታ ሐኪም ቤት ከሎታና አጠገብ ባለው አልጋ ትተኛ የነበረችው፣ የካርቶን ፊልም በአንድ ስልክ ሲሻሙ የነበሩት። እሷ የተጠበሰ በቆሎና የኡቤ ፍሬ በቅጠል ጠቅልላ መጣች። ስለ ዝናቡ አወራች፣ ስለ መዘምራኑ ጠብ አወራች፣ ስለ መብራቱ አወራች። ካምሲ እንዴት ናት ስላት “አለች” ብላ ወሬ ቀየረች። ሕመሙ እንደገና አስተኝቷት እንደነበር ከሌላ ሰው ሰምቻለሁ። ልትሄድ ስትነሳ እስከ በሩ ሸኘኋት።

“አዳኡጎ፣ የመጣሽበትን ሳትናገሪ ልትሄጂ ነው?”

“በቆሎ ላመጣልሽ ነው የመጣሁት።”

“ውሸታም።”

የበሩን ብረት ይዛ ቆመች። “የሎታና እናት፣ አንቺ ልጅሽን አፈር አልብሰሽ ሳለ፣ እኔ ለልጄ ስጪኝ ብዬ በየትኛው አፌ ልናገር? አፌ ይድረቅ!”

እውነቱን ልንገርህ፣ በዚያች ሰዓት ቀናሁባት። የምትለምንለት ልጅ አላት። እኔ ለሎታና ማንንም የምለምነው ነገር የለኝም። ግን እሷ ፊት ላይ ያየሁት ያን ሁሉ ዓመት በእኔ ፊት ላይ የነበረውን ነው። “ለካምሲ ከተስማማት የካምሲ ነው” አልኳት። “ካልተስማማት ለሚስማማው ይሁን። እኔ አላስቀምጠውም።” እዚያው ዝናብ ላይ ተንበርክካ እግሬን ልትይዝ ስትል፣ “ተነሺ አንቺ፣ ይህን ሆድ ተሸክሜ ላነሳሽ አልችልም!” ብዬ ጮህኩባት። እንዲህ ነው የወሰንኩት። አንተን ደውዬ ስጠይቅህ “ደስ ያለሽን አድርጊ” ስላልከኝ፣ ደስ ባይለኝም አደረግሁት።

ምጡ የያዘኝ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ ነው። ከሰዓት በኋላ ወለድኩ። ጩኸቷ የሎታናን አይመስልም፣ ወፍራም ነው። እትብቱ ተቆርጦ እሷ ደረቴ ላይ ስትተኛ ዶክተሯ ደሙን በትንሽ ከረጢት ቀዳችው። እናትህ ጠጋ ብለው አዩት። “ይህችው ናት?” አሉ። “ያ ሁሉ ተስፋችን እዚህች ውስጥ ነበር?” እትብቷ ደርቆ ሲወድቅ እናትህ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው መንደር ወስደው ከወንድሟ አጠገብ ቀበሩት።

ለካምሲ አልተስማማትም። ዶክተሯ ስትነግረን አዳኡጎ ሽርጧን ፈታ እንደገና አጥብቃ አሰረች፣ “እሺ” አለች፣ ከዚያ ልጅህን ከእቅፌ ተቀብላ “አንቺ ምን ታደርጊ፣ አንቺ ምን ታደርጊ” እያለች መተላለፊያውን ወዲያ ወዲህ አለች። ካምሲ መድኃኒቷን እየወሰደች ነው፤ ትምህርት ቤትም ተመልሳለች። ደሙ ሌጎስ ሄዷል። የሚስማማው ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ከስንት ዝምታ በኋላ አንድ መስመር ላክህልኝ፦ “ለእሱስ ይስማማው ነበር ወይ? ሐኪሟን ጠይቂያት።”

ጠየቅኋት። የሎታና ምርመራ እሷ ዘንድ ስለነበረ ከእህቱ ጋር ማነጻጸሩ አላስቸገራትም። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። “እርግጠኛ ነሽ? ማወቅ ትፈልጊያለሽ?” አለችኝ። የሎታና አባት ነው የጠየቀው አልኳት። እጄን ይዛ ነገረችኝ። ከዚያ ተነስታ በሩን ቆለፈች፤ እኔ ቆሜ መሄድ እስክችል ድረስ ማንም እንዲገባ አልፈቀደችም።

ለእናትህ አልነገርኳቸውም። ለአንተም በወረቀት አልጽፍልህም። በሰው አገር፣ በዚያች ጠባብ ክፍል፣ አጠገብህ ማንም በሌለበት እንድታነበው አልፈልግም። ና። አጠገቤ ቁጭ ስትል እነግርሃለሁ፤ እኔም ብቻዬን መሸከሙ ከብዶኛል።

ልጅህ እስካሁን ስም የላትም። እናትህ “ንካሲኦቢ እንበላት፣ የልብ ማጽናኛ ናት” አሉ። እምቢ አልኳቸው፤ እሳቸውን እምቢ ስላቸው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ጊዜ ለሌላ ሰው ተብላ ተፀንሳለች፣ ይበቃታል። ማንንም እንድታድን፣ ማንንም እንድታጽናና አላዛትም። የራሷ የሆነ ስም አውጣላት፤ ስታወጣላት ግን ፊቷን እያየህ ይሁን።

እናትህ “እጅህ የነካው ይባረክ፣ እግርህን እሾህ አይንካው፣ ዓይኔ ሳይደክም ልይህ” ብለውሃል። እኔም ከእሳቸው ጋር አሜን ብያለሁ። እግዚአብሔር እንቅልፍህን ይመልስልህ።

የሁለት ልጆችህ እናት
ኡዞአማካ