ከሀረማያ የቀዳሁልህ ውሃ

አብዲዬ፣ የልጆቼ አባት፣

አንተ ያለህበትን አላህ ያውቃል፤ እኔ ግን አለሁ። ከተለየኸን አምስት ወር ሊሞላ ነው። ዒዳዬን ጨርሻለሁ። ባሏ የሞተባት ሴት መቀመጥ ያለባትን አራት ወር ከአሥር ቀን፣ ሽቶ ሳልቀባ፣ ሂና ሳልነካ፣ እዚህ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ቤታችን ውስጥ ተቀመጥኩልህ። እኔ፣ ጎረቤት ካልዞርኩ እህል የማይወርድልኝ ሴት! ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር።

ቤቱ ደህና ነው። ልጅህ ሃያት ግቢውን ሲሚንቶ አስደረገችው፤ ሙቀቱ እጥፍ ሆነ፤ ብትኖር ትጣላት ነበር። ወንድሟ ጀማል ደጅ የቆመውን ሚኒባስህን ሸጦ ባጃጅ ገዛ። አቦ፣ አትቆጣ። ያ መኪና ካንተ በቀር የሚሰማው ሰው አልነበረም።

ዒዳዬን ስጨርስ ሁሉም መጀመሪያ የምሄደው መልካ ጀብዱ፣ እህቴ ጋ መስሏቸው ነበር። ሀረማያ ነው የምሄደው ስላቸው ሃያት ደነገጠች። ባሏን ቀብራ ሽርሽር ወጣች ይሉሻል አለችኝ። ይበሉ! የሰው አፍ መቼ ይዘጋል?

አንተ ምክንያቱን ታውቀዋለህ። የተወለድከው እዚያ ሐይቅ ዳር ነው፤ ዋና የለመድከውም እዚያ ነው። ውሃው ደርቆ ከብት ሲግጥበት ጊዜ፣ በዚያ ባለፍን ቁጥር ፊትህን ወደ ሌላ ታዞር ነበር። ሾፌር ፊቱን ሲያዞር የተሳፋሪው ነፍስ እንዴት እንደምትሆን አንድ ቀን እንኳ አስበህ አታውቅም። ኋላ ሐይቁ ተመለሰ ሲሉ እግርህ ታሞ መሪ ለቀህ ነበር። ጀማል በስልኩ ቢያሳይህም፣ ይሄ ዝናብ ያቆረው ኩሬ ነው፣ በእጄ ካልነካሁ አላምንም አልክ። ከኢድ በኋላ እንሂድ ተባባልን። በሽታው ቀደመን።

ስለዚህ ውሃውን ቀድቼ ላመጣልህ፣ ጀማል ደግሞ ቀብርህ ላይ እንዲያፈስልህ ቆርጬ ከሃያት ጋር ወጣሁ። እንደ ድሬ ሰው በስስ ልብስ ወጥተን ደንገጎ ዳገት ላይ በብርድ ጥርሳችን ተፋጨ። መጀመሪያ ሐረር ገባን። ስንጋባ ያዞርከኝን የጀጎልን ቀጭን መንገድ ላሳያት ብዬ ነው። ያኔ ጠፍተን፣ ሾፌር መንገድ አይጠይቅም ብለህ ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ አዞርከኝ አይደል? ግድግዳው አሁንም አረንጓዴና ሐምራዊ ተቀብቷል። እኛም ጠፋን። እኔ ግን ጠየቅሁ።

በመልሳችን ሀረማያ ወረድን። አብዲዬ፣ ውሃው አለ። ኩሬ አይደለም። ከብት ይግጥበት የነበረው ሜዳ ሁሉ ውሃ ነው፤ ወፎቹም ተመልሰዋል፤ ልጆች በኦሮምኛ እየተጯጯሁ ይዋኛሉ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ወላሂ፣ ተናደድኩ። ሞተ ብለን ያለቀስንለት ውሃ ተመልሶ ተኝቷል፤ አንተ ግን አትመለስም። ዳሩ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ለቅሶ ቤት ሰው ፊት ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። ሲወጣልኝ ተነስቼ ኮዳዬን ሞላሁ።

ድሬ የሚወርድ ሚኒባስ አገኘን። ኮዳውን እንደ ሕፃን ታቅፌዋለሁ። ደንገጎ ሳንደርስ ሞተሩ ፈላ፤ ሁላችንም ወረድን። ሾፌሩ የራሱን ውሃ ሁሉ አፍስሶ አልበቃ አለው። ውሃ ያለው ሰው ብሎ ለመነ። ሰው ሁሉ ውሃውን ጠጥቶ ጨርሷል። ሃያት ኮዳዬን አየች፣ እኔን አየች። እኔም ነጠላዬን ጣል አደረግሁበት። ለምን እዋሽሃለሁ፣ ልደብቀው ነበር። ከኋላችን አንዲት እርጉዝ ሴት ፀሐይ ላይ ቆማለች። ደግሞ አንተ፣ መንገድ ላይ ለቆመ ሾፌር ሁሉ ውሃ ልትሰጥ እየወረድክ ስንቴ ባገር ፀሐይ እንዳስቀቀልከን ትዝ አለኝ። በልቤ እየረገምኩህ አወጣሁና ለሾፌሩ ሰጠሁት።

እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ራዲያተሩ ውስጥ አንቆረቆረው። ተመስገን አለና አስነሳ። ሃያት እጄን ይዛ እስከ ድሬ አልለቀቀችኝም።

እና ባዶ እጄን መጣሁልህ። ጀማል የሚያፈስልህ ውሃ የለም። ውሃህ ያንተኑ መንገድ ሲወጣና ሲወርድ ነው የሚውለው። እኔ ግን በሁለት እጄ ነክቼዋለሁ። እግሬ እስከቻለ በየዓመቱ እየሄድኩ እነካልሃለሁ፤ ስምህን እዚያ ጠርቼ ዱዓ አደርግልሃለሁ፤ አልረሳህም። ዕድሜህን ሙሉ ተከራክረኸኛል፣ አሁን እንኳ አንዴ እመነኝ። ውሃው አለ አብዲዬ። ቀዝቃዛ ነው።