ከድምፅ ማጉያው የሚሰማ ትንፋሽ

መጋቢት 9፣ ሰኞ ጠዋት

የአባባን አልጋ ሳነጥፍ የአስም ፓፋቸው ከትራሱ ሥር። ረስተውት አይደለም፤ ሆን ብለው ትተውት ነው የሄዱት። ደብተሬ፣ ፈራሁ። አባባ ከዛሬ ጀምሮ ሰሞነኛ ናቸው፤ ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ቤ/ክ እያደሩ ይቀድሳሉ። የአስም መድኃኒታቸው ግን እኔ እጅ ላይ። እማዬን ጠየቅኳት። አፍ ውስጥ ይመራል፣ ጾም ያስገድፋል፣ የቀመሰ ሰው ደግሞ አይቀድስም ብለዋል አለችኝ። ነገሩ ያለቀ ያህል ወደ ሥራዋ ገባች።

ጾም ስለሆነ ቅዳሴው ከሰዓት ነው። እስከዚያ ውሃም የለ፣ ፓፍም የለ።

ማክሰኞ፣ 8 ሰ.፣ ት/ቤት

ዛሬ ለዘጠነኛ ክፍል ትንፋሽን አስተማርኩ። የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ፣ ውስጡ ፊኛ፣ ሥሩ ላይ የተወጠረ ላስቲክ። ላስቲኩን ወደ ታች ስስበው ፊኛው በራሱ ተነፋ፤ ልጆቹ ሳቁ። ሳንባ የራሱ ጡንቻ የለውም። ከሥሩ ያለው ድያፍራም ዝቅ ሲል፣ ጎድን ሲከፈት፣ አየር ቦታ አግኝቶ ይገባል። ማስወጣት ልፋት የለውም፣ መልቀቅ ብቻ ነው። አስም ያለበት ሰው ግን፣ ብዬ ስጀምር የቤ/ክ ድምፅ ማጉያ ተከፈተ። ላሊበላ ውስጥ መስኮት መዝጋት ዋጋ የለውም። የአባባ ድምፅ። ድሮ በአንድ ትንፋሽ የሚዘልቁትን ዜማ እየቆራረጡ፣ በመሃል ሲጥ ሲጥ። ልጆቹ ልብ አላሉም። እኔ ጠመኔ ይዤ ቀረሁ።

ረቡዕ፣ 11 ሰ.

ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ፣ ፓፉን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ። አባባ ከግንቡ ሥር ተቀምጠዋል። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ትከሻቸው ወደ ላይ፤ በሳቡ ቁጥር የአንገታቸው ሥር ይሰረጉዳል። አየር አነሰኝ ይላሉ። ይስባሉ፣ ደግመው ይስባሉ። አላነሰም፣ ሳንባዎ ሞልቶ ነው አልኳቸው። የአየር ቧንቧው ጠቦ የቆየው አየር አልወጣም፣ አዲሱ የት ይግባ? እንደ ዜማ አርዝመው ያስወጡት። ተቆጡ።

«ለእኔ የዜማ ትንፋሽ ልታስተምሪኝ?»

ቅዳሴው አልቋልና ፓፉን ግን ሳቡት። ቆይቶ ትከሻቸው ወረደ። ደስ አለኝ። ከዚያ መልሰው ሰጡኝ። አጠገቤ ካለ ነገ ይፈትነኛል አሉ።

ሐሙስ፣ 10 ሰ.

የአባባ ድምፅ ከመሃል ቆመ። ማይኩ ክፍት ነው፤ ሲጥ ሲጥ ብቻ። ከተማው ሁሉ ሰማ። ሌላ ቄስ ተቀበሏቸው። ክፍሉን ትቼ ሮጥኩ። ሴት ነኝ፣ መቅደስ አልገባም፤ የገባ ቀዳሽም ሳይፈጸም አይወጣም። ፓፉን ጨብጬ በር ላይ ቆምኩ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ሲወጡ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ከሳቡ በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸው፣ ነገም እገባለሁ።

ዓርብ ጠዋት

አልተኛሁም። ለደብሩ አለቃ ልናገር ነው። ወይ መድኃኒቱ አያስገድፍም ይበሏቸው፣ ወይ ከሰሞን ያውጧቸው። ቄሱ በልጃቸው ተከሰው ከሰሞን ወጡ ሲባል አባባ እንዴት እንደሚያፍሩ አውቃለሁ። እማዬ እግሬ ላይ ወድቃ ለመነችኝ፣ ዕድሜ ልካቸውን አያናግሩሽም ብላ። እውነቷን ነው፣ አያናግሩኝም። ይቆጡኝ። ለመቆጣትም ትንፋሽ ያስፈልጋል።

ጫማዬን አድርጌያለሁ። ማይኩ ሳይከፈት ልድረስ።