የጡት እናትህ በር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ልጄ፣

ጤናህን ሳልጠይቅ ደብዳቤ ጀምሬ አላውቅምና ዛሬም ልጠይቅ። ደህና ነህ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ድምፅህን ስሰማ እየራራሁ ተውኩት። ወረቀት ግን ድምፅ የለውም፣ አያራራኝም።

መርፌ ሱቁን ዘጋች። ለዕረፍት አይደለም፤ ጓዟን ጠቅልላ ሄደች።

መርፌ ማን እንደሆነች ለአንተ መንገር አይጠበቅብኝም ነበር። ግን ሰው ከአገሩ ሲርቅ ይረሳል መሰለኝ፣ ልንገርህ። አንተን በወለድኩ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ጣለኝ። አርባ ቀን ያህል ራሴን አላውቅም ነበር። አባትህ ለቅሶህን መቋቋም ሲያቅተው በፎጣ ጠቅልሎህ ጎረቤት አንኳኳ። በስፌቷ መርፌ የምንላት ጎረቤታችን ልጇን ከወለደች ሁለት ወሯ ነበር። አንዱን ጡት ለልጇ፣ አንዱን ለአንተ ሰጠች። እሷ አይሁዳዊት፣ እኛ ሙስሊም፤ ያን ቀን ይሄን ያነሳ ሰው አልነበረም። ከበሽታዬ ስነሳ ሼኹ ቤታችን መጥተው፣ ይህች ሴት በሃይማኖታችን የጡት እናቱ ናት፣ ልጇም እህቱ ናትና አያገባትም ብለው ነገሩን። መርፌም ሰምታ፣ ድሮስ ለዚህ አልቃሻ ማን ልጁን ይድርለታል ብላ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ሱቅ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ሰፋን። እሷ ኮት፣ እኔ የተማሪ ደንብ ልብስ። ስለዚያ መንግሥት፣ ስለ እስራኤል ማለቴ ነው፣ ተስማምተን አናውቅም። እኔ ሰውን ከቤቱ አፈናቅሎ የቆመ መንግሥት ነው እላለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። እሷ ደግሞ የአባቷ ዘመዶች የሚያስጠጋቸው አገር አጥተው እንዳለቁ ታነሳለች። ነገሩ ሲከርር አንዳችን የስፌት መኪናውን በኃይል እንረግጠውና ክርክሩ በጩኸቱ ይዋጣል። ጦርነቱ የተነሳ ጊዜ ሬዲዮኑን አብረን ነበር የምንሰማው። የሞቱት ሕፃናት ቁጥር ሲነገር መርፌ መቀሷን አስቀምጣ፣ ፊቷን በያዘችው ጨርቅ ሸፍና አልቅሳለች። ልጇ እዚያው እስራኤል አግብታ፣ ወልዳ ነው የምትኖረው። እኔም ስለ ልጇ ሰግቻለሁ። እንዲህ ሆነን ነበር የኖርነው፤ ሳንስማማ፣ ሳንጣላም።

ባለፈው ወር ሱቆቹን የሚያከራየን የመስጊዱ ማኅበር ሁላችንንም ሰበሰበን፣ ከመርፌ በቀር። ሊቀመንበሩን ታውቀዋለህ፤ ሴራሚክ ስለሚነግድ ሴራሚኩ የምንለው ነው። አንድ ወረቀት አንሥቶ አነበበ። የአይሁድ መንግሥት የሚባል ነገር ሊኖር አይገባም፤ ይህን በፊርማው የማያረጋግጥ አይሁዳዊም በመካከላችን ሊነግድ አይገባም ይላል። አንብቦ ሲጨርስ፣ ይህን የጻፈው ባዕድ አይደለም፣ ውጭ አገር የሚማረው የሰፈራችን ልጅ ነው፣ በኢንተርኔት ስንት ሰው ተቀባብሎታል አለና ወደኔ ዞረ። ሰው ሁሉ ዞረ። እጄን የጨበጡኝ አሉ። የተባረከ ወልደሻል አሉኝ።

እኔም ፈገግ አልኩ። ይሄን ልደብቅህ አልፈልግም። ፈገግ አልኩ፣ ከዚያም ፈረምኩ። ወደ ቤት ስመለስ አጥር ጥግ ቆሜ አስመለሰኝ። የበላሁት ነገር አልነበረም፤ ሐሞት ነው የወጣኝ።

በማግስቱ ሴራሚኩ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ሱቃችን መጣ። ድሮ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነው። ወረቀቱን መርፌ እየቀመቀመችው ባለችው ኮት ላይ ዘረጋው። ለይስሙላ ነው፣ አንድ ፊርማ ናት፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካሽም አላት። መርፌ መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ለሞቱት ልጆች ማልቀስ ከሆነ አልቅሻለሁ፤ እሷ ምስክሬ ናት» አለች፣ በራሷ ወደኔ እየጠቆመች። «ግፍ ተሠርቷል በዪ ካላችሁኝም እላለሁ። ልጄ የምታድርበት ቤት አይኑር ብዬ ግን አልፈርምም። እናንተ ብትሆኑ ትፈርማላችሁ?»

«ጓደኛሽ ፈርማለች» አላት ሴራሚኩ። ስሜን በጣቱ አሳያት።

መርፌ ወደኔ አላየችም። ኮቱን ከወረቀቱ ሥር ስባ አወጣችና መስፋቷን ቀጠለች።

ከሦስት ቀን በኋላ ጠዋት ስንመጣ የሱቁ በር የሰው ሰገራ ተለቅልቆበት አገኘነው። የቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ ሳይቀር ጠቅጥቀውበታል። ነገሩን አላለሳልስልህም፤ ካለህበት ሆነህ እንዲሸትህ እፈልጋለሁ። ለዓመታት ከእኛ ጋር ሻይ የጠጡ ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው አለፉ። አንድም ሰው ባልዲ አላቀበለንም። እኔ ነኝ ያጠብኩት። በጨርቅ አልለቅ ያለውን በጥፍሬ ፋቅኩት። መርፌ ልታግዘኝ ስትጠጋ አይሆንም አልኳት። «የኔ ነው» አልኳት።  እጄን ሳምንት ሙሉ በሳሙና ስፈትገው ሰነበትኩ፤ ሽታው አሁንም ያለ ይመስለኛል።

ሼኹ ሰምተው አዘኑ። ዓርብ ከስግደት በፊት ተነሥተው፣ አንድን መንግሥት መቃወም የራሳችሁ ሐሳብ ነው፣ እኔም እቃወመዋለሁ፣ የጎረቤትን በር ሰገራ የቀባ ሰው ግን ለስግደት ተጣጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ እዚህ ሲቆም አላህን አያፍርም ወይ ብለው ጠየቁ።  ሼኹ ሲወጡ ሴራሚኩ፣ እርጅና ነው የሚያናግራቸው አለ። ጥቂቶች ሳቁ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

ጥላቻው በእኛ ወገን ብቻ እንዳይመስልህ። የመርፌ ወንድም ሊወስዳት መጥቶ ሱቁ መሃል ቆመ። እኔ እየሰማሁ ሁላችሁም አንድ ናችሁ፣ እዚያ የሚሞቱትም የእባብ ጫጩቶች ናቸው፣ ይበላቸው አለ። ስለ ሕፃናት ነው የሚያወራው።  መርፌ ኮፍያውን ከጠረጴዛው አንሥታ እጁ ላይ አኖረችለትና ውጭ ሆነህ ጠብቀኝ አለችው።

የት ልትሄጂ ነው ስላት ልጄ ዘንድ አለችኝ። እዚያ መኖር ፈልጋ አታውቅም። ልጇ ነይ እያለች ስትለምናት ሙቀቱን አልችለውም፣ ቋንቋውም ለምላሴ አይመችም እያለች ነበር የምትመልሳት። ልጄ፣ አንተ አይኑር ያልከው አገር አንድ ሰው ጨምሯል። የጨመርንለት እኛ ነን። ሃያ ስድስት ዓመት ስንከራከር ያልገባኝ ነገር በሯ ሥር ተንበርክኬ ስፍቅ ገባኝ። ሰው እንዲህ ሲደረግ መጠጊያ ቢመኝ ምን ይገርማል? የተፈናቀሉትን ግን ረስቻለሁ ማለት አይደለም። ሁለቱም እዚህ ደረቴ ውስጥ አሉ፣ ሁለቱም ያሙኛል።

እሷ በሄደች ማግስት ሴራሚኩ ቢሮ ሄጄ ወረቀቱን አሳየኝ አልኩት። ሲሰጠኝ ስሜን በመቀስ ቆርጬ አወጣሁት። ቀዳዳውን እያየ ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ አለኝ። በወሩ መጨረሻ ሱቁን እንድለቅ ተነግሮኛል። እለቃለሁ፤ ቤቴ ሆኜ እሰፋለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የሄደች ቀን፣ ታክሲው በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ስላንተ ጠየቀችኝ። ትምህርቱ እንዴት ነው፣ በደንብ ይበላል ወይ አለችኝ። ከዚያ የታክሲውን በር ይዛ፣

«ያን ጽሑፍ እሱ ነው የጻፈው ይላሉ» አለችኝ።

ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ ሌላ ሰው በስሙ ጽፎ ነው እንጂ እሱ አይደለም አልኳት።

«እኔም ብያለሁ። የኔ ልጅ እንዲህ አይጽፍም» አለችና ገባች። ማመኗን አላውቅም። ፊቷን ወደ ማዶ አዙራ ነበር።

አድራሻዋን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሃለሁ። ምን እንደምትጽፍላት አልነግርህም።

ለበዓሉ እመጣለሁ ብለህ የላክኸው መልእክት ደርሶኛል፤ አንብቤዋለሁ፤ ና ግን ገና አላልኩህም።

አላህ ከክፉ ሰው ይጠብቅህ፤ ክፉ ከመሆንም ይጠብቅህ። ልቦና ይስጥህ። ለእኔም ይስጠኝ።

እናትህ