በቀኝ ዳር ያሉት

የኔ ጌታ ካሳዬ፣

አስቀድሜ ወሬውን ላስተካክል፦ ጠልሰም ሰቅዬ መናፍስት አልጠራም። ሙት ዓመትህ ካለፈ ይህ ሁለተኛው ክረምት ነው። ወደ ማታ ቤቱ ጭር ሲልብኝ፣ ለተማሪዎችህ በአቡጀዲ ላይ ያዘጋጀነውን የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ከግራ ወደ ቀኝ ድምፄን አውጥቼ አነባለሁ፤ ሌላ ምንም የለም። ሊቲየም፣ ቤሪሊየም፣ ቦሮን ስል ጎረቤታችን ብርቄ በአጥር ሰምታ የአጋንንት ስም መሰላት። ለማኅበርተኞቹ ነገረቻቸው። የማርያም ማኅበር ጽዋም ተራዬን ዘሎ እሷ ቤት ገባ። ምክንያቱን የነገረኝ የለም፤ ሰላምታቸው ግን አጠረ።

ቤቱ እንደተውከው አይደለም። መጥረቢያህ ዝጓል። ወንበርህን ባዶውን ማየት ስላቃተኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ።

ትዝ ይልሃል፣ ራስህን በሰንጠረዡ ግራ ዳር፣ እኔን በቀኝ ዳር ታስቀምጠን ነበር። አንተ እንደ ሶዲየም፣ ያለውን ላገኘው ሁሉ የሚሰጥ፣ ላምባ ውስጥ ካልተቀመጠ ከአየሩ ጋር እንኳ ካልተዋሃደ የማያርፍ። ሳትነግረኝ እንግዳ ይዘህ ከተፍ ትል ነበር። እኔን ከነኒዮን ጋር መደብከኝ፤ ሁሉ ሞልቶላቸው ከማንም ጋር ከማይገጥሙት ዘንድ። ያን ጊዜ እስቅ ነበር። ከማንም አለመግጠም የሚያስቀው ግን ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ሲኖር ነው።

አንድ ቀን ኮትህን ሳታወልቅ «ተሳስቻለሁ» አልከኝ። ከእነዚያ በቀኝ ዳር ካሉት አንዱ፣ ዜኖን፣ ፍሎሪንን ካገኘ ይገጥማል። ፍሎሪን በስተግራቸው ባለው ዓምድ ራስጌ ያለችው ናት፤ ያገኘችውን ሳትይዝ አታልፍም። እኔም ስህተት ሳይታረም አይታለፍም ተብዬ የተማርኩ ነኝና፣ እርማቱን ከሰንጠረዡ ግርጌ በቀይ ጻፍኩት።

ትናንት ብርቄ ሳታንኳኳ ገባች። አቡጀዲውን ከላይ እስከ ታች አየችና፣ «ከነዚህ ሁሉ መናፍስት እንጨት የሚፈልጥልሽ አንድ እንኳ የለም?» አለችኝ። ስንት ጊዜዬ ከሳቅኩ! ወርቅንና ብረትን አሳየኋት፤ ጉትቻዋ ለምን እንደማይዝግ፣ መጥረቢያው ለምን እንደዛገ ነገርኳት። ስትወጣ፣ «በይ ነገ መጥተሽ ጽዋሽን ውሰጂ፤ የሴቶቹን አፍ የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ እኔው እዘጋዋለሁ» አለች።

ከሄደች በኋላ በቀይ የጻፍኩትን መስመር ብቻ አነበብኩ።

አልረሳህም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ድምፄን ሳልቀንስ አነባለሁ። ነገ ግን በመጀመሪያ የመጥረቢያውን ዝገት በአሸዋ አሻለሁ። ቀጥዬ ነጠላዬን ለብሼ ጽዋውን አመጣለሁ። ጌሾ አስወቅጣለሁ። ከዚያ ወንበርህን ከግድግዳው መልሼ አዞራለሁ፤ ብርቄ ስትመጣ ትቀመጥበታለች።